ኮምፒዩተር ከመግዛታችን በፊት ቪዲዮ ፈቺውን እንጠይቅ

በዘንድሮው የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ካነሣናቸው ጉዳዮች ሁሉ ረጅም ሰዓት የወሰደብን የኮምፒዩተር ግዢው ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት ተምረው ዛሬ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ገንዘብ አዋጥተው ለቪዲዮ ትምህርት የሚሆን ዕቃ እንግዛላችሁ ብለውናል፤ ፈጣሪ ውለታቸውን ይክፈል። ምን ይገዛ በሚለው ላይ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ፣ በተለይ ወጣቶቹ መምህራን፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለው አንድ አዲስና ኃይለኛ ኮምፒዩተር ይሁን አሉ። የቀሩት ደግሞ በዚያው ገንዘብ ከቢሮ የወጡ ትናንሽ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች አምስት ስድስት ሊገኙ ይችላሉና እነርሱ ይሁኑ አሉ። ውሳኔው ከኸሪፉ ዝናብ በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ ተላልፏል። እስከዚያው እያንዳንዱ ወላጅ ነገሩን አውቆ እንዲመጣ ስለምፈልግ አቋሜን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

አቋሜ ይህ ነው። ያገለገሉት ትናንሾቹ ይገዙ፤ ግን በስማቸውና በመልካቸው ሳይሆን በውስጣቸው ባለች አንዲት ክፍል ተመርጠው ይገዙ። ያቺ ክፍል ቪዲዮ ለመፍታት ብቻ የተሠራች ሰርኪዩት ናት። ሻጭ ስለ እርሷ አይናገርም፣ ካርቶኑ ላይም ብዙ ጊዜ አልተጻፈችም፤ ለእኛ ዓይነት ትምህርት ቤት ግን ከሌላው ዕቃ ሁሉ የምትበልጠው እርሷ ናት።

ቪዲዮ “ይፈታል” ሲባል ለብዙዎቻችሁ አዲስ ነገር ሊመስል ስለሚችል በቁጥር ላስረዳ። አንድ የ40 ደቂቃ ትምህርት በስልክ ተቀረጸ እንበል። ምስሉ በአግድም 854፣ በቁመት 480 ነጥቦች ይኑሩት፤ ይህ ዛሬ እንደ ትንሽ የሚቆጠር ምስል ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ስጡት፣ በሰከንድ 25 ምስል ብላችሁ አባዙት፤ በየሰከንዱ ከ30 ሚሊዮን ባይት በላይ ይሆናል። ጠቅላላው ትምህርት ከ73 ጊጋባይት ያልፋል። በየሱቁ የምትሸጠው ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ 17 ደቂቃ ያህል ብቻ ይዛ ትሞላለች ማለት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳቡን ራሳቸው ሠርተው ያረጋግጡልኝ።

በእጃችን ያሉት ትምህርቶች ግን እያንዳንዳቸው 150 ሜጋባይት ገደማ ናቸው። ይህ የሆነው ተጨምቀው ስለተቀመጡ ነው። ጨማቂው ፕሮግራም ምስሉን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል፤ ከፊተኛው ምስል ያልተለወጠውን ካሬ “እንደ ነበረ ነው” ብሎ ያልፈዋል፤ የተንቀሳቀሰውን “ይህ ካሬ ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ ሄዷል” ብሎ በአጭሩ ይመዘግበዋል፤ ዓይን የማይለየውን ጥቃቅን ልዩነት ይጥለዋል። በአንድ የክፍል ትምህርት ላይ ሰሌዳው አይንቀሳቀስም፣ ግድግዳውም አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የመምህሩ እጅና ፊት ነው። ስለዚህ ትምህርት ከፊልም ይልቅ በደንብ ይጨመቃል። ፋይሉ በሚከፈትበት ጊዜ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ ያንን አጭር መዝገብ እያነበበ፣ ካሬ በካሬ እያቆመ፣ ሙሉውን ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ ሳይዘገይ መልሶ የሚሠራ አንድ አካል ያስፈልጋል። ፈቺ የምለው እርሱን ነው።

ይህን ሥራ በኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። አንደኛው ሲፒዩው ነው። ሲፒዩ የታዘዘውን ሁሉ የሚሠራ ነው፤ ሒሳብ ያሰላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቪዲዮም ይፈታል፤ ግን እያንዳንዷን እርምጃ ትእዛዝ እያነበበ ስለሚሄድ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ሁለተኛዋ በግራፊክስ ክፍሉ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራችው ሰርኪዩት ናት። እርሷ እንደ እህል ወፍጮ ናት፤ አንድ ሥራ ብቻ ታውቃለች፣ ያንን ግን በጥቂት ነዳጅ ትጨርሰዋለች። ወፍጮን ልብስ አትሰፋም ብሎ የሚወቅስ የለም። ጉግል እንኳ፣ ያ ሁሉ ሀብት ያለው ድርጅት፣ ለዩቲዩብ ቪዲዮ መጭመቂያ የራሱን ቺፕ እንደሠራ በ2021 አስታውቋል፤ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቀድሞው አሠራሩ ከ20 እስከ 33 እጥፍ የስሌት ብቃት እንዳገኘበትም ተናግሯል። መብራት የማይጠፋበት ድርጅት ይህን ያህል ከቆጠበ፣ በፀሐይ ባትሪ የምንኖር እኛ ይበልጥ ልናስብበት ይገባል።

እዚህ ላይ ወጣቶቹን ያሳሳተ የሚመስለኝን ነገር ላንሣ። ግራፊክስ ካርድ ሲባል ብዙ ሰው ጌም ይታየዋል። ካርዱ የጌሙን ዓለም የሚስልባቸው በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ አስሊ ክፍሎች አሉት፤ ዋጋውን የሚያስወድዱት፣ መብራቱንም የሚበሉት እነርሱ ናቸው። ቪዲዮ ፈቺዋና ጨማቂዋ ግን በዚያው ቺፕ ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ ናቸው፤ ካርዱ ትልቅ ስለሆነ እነርሱ ትልቅ አይሆኑም፣ ካርዱ አዲስ ስለሆነም አሉ ማለት አይደለም። ኢንቴል ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ በሲፒዩዎቹ ውስጥ ባለችው በታናሽዋ ግራፊክስ ላይ፣ ምንም ካርድ ሳይጨመር፣ ኩዊክ ሲንክ የተባለውን መፍቻና መጭመቂያ አስገብቷል። ኤንቪዲያ መጭመቂያውን ኤንቬንክን ይዞ የመጣው በ2012 ነው። በተቃራኒው ደግሞ በጃንዋሪ 2022 የወጣው የኤኤምዲ 6500 ኤክስቲ ካርድ ቪዲዮ የሚጨምቅ ሰርኪዩት ጭራሽ የለውም፤ የኤንቪዲያ ጂቲ 1030ም እንደዚሁ። ካርድ የገዛ ሰው ቤቱ ወስዶ ከሰካው በኋላ ነው ይህን የሚያውቀው።

ሌላው ችግር ሰርኪዩቷ አዲስ ነገር አለመማሯ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤታችን ያለው የዲሽ ሪሲቨር ይበቃል። ሪሲቨር ማለት እኮ ፈቺ ሰርኪዩት በሣጥን ታሽጎ የተሸጠ ነው። ጣቢያዎች ከአሮጌው ኤምፔግ 2 ወደ ኤምፔግ 4ና ወደ ኤችዲ ሲዞሩ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ዲሹ በትክክል ዞሯል፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ስንቱ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን ሲያሽከረክር ዋለ! ሪሲቨሩ ግን አልተበላሸም፤ አዲሱን አጨማመቅ የሚያውቅ ሰርኪዩት አልተሠራለትም፤ በኋላም ሊጨመርለት አይችልም። ያ ለቴሌቪዥን ኤችዲ ኤምፔግ 4 የተባለው አጨማመቅ፣ ዛሬ በኮምፒዩተርና በስልክ ኤች 264 የምንለው ራሱ ነው።

ኮምፒዩተርም በዚያው ሕግ ይገዛል። ኤች 264 የጸደቀው በ2003 ነው፤ ኤች 265 በ2013 ተከተለው፤ ኤቪ 1 የተባለው በ2018 መጣ። ሰርኪዩቶቹ ደግሞ ከዘዴዎቹ በኋላ ዓመታት ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ከኢንቴል ወገን ኤች 265ን በሰርኪዩት የሚፈታው በ2015 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ ነው፤ ሰባተኛው ትውልድ ባለ 10 ቢቱን ኤች 265ና ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ቪፒ 9 ጨመረበት፤ ኤቪ 1 ከ2020ው ከአሥራ አንደኛው ትውልድ ወዲህ ነው። ኤች 264ን ግን ከ2011 ወዲህ የወጡት ሁሉ ይፈቱታል። አዲስ ሁልጊዜ ከአሮጌ ይበልጣል ለሚል ደግሞ አንድ ምሳሌ አለኝ። ራዝበሪ ፓይ የምትባለውን የእጅ መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር የሚያውቋት መምህራን አሉ። አራተኛዋ ኤች 264ን በሰርኪዩት ትፈታለች። በ2023 የወጣችው አምስተኛዋ ግን ያንን ሰርኪዩት ትታዋለች፤ ሲፒዩዋ ጠንካራ ስለሆነ በሲፒዩው ጉልበት ትፈታዋለች፣ የሰርኪዩት ፈቺዋ ግን ለኤች 265 ብቻ ነው።

ስለ አንዲት ሰርኪዩት ይህን ያህል ለምን ትጨነቃለህ ይሉኛል። የምጨነቀው መብራታችን ፀሐይ ስለሆነች ነው። ቀን የሞላው ባትሪ ማታ የሚያነቡትንም፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉትንም፣ ኮምፒዩተሮቹንም ይችላል። በአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮቻችን ላይ ኤች 264 የሆነ ትምህርት ሲከፈት ማሽኑ እንዳልተነካ ጸጥ ይላል። ያንኑ ትምህርት በኤች 265 ስንከፍተው ሰርኪዩቷ ስለማታውቀው ሥራው ሁሉ በሲፒዩው ላይ ይወድቃል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ዓይናችን እያየ ይወርዳል። በኤፕሪልና በሜይ፣ ውጭው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት፣ ቆርቆሮ ከለበሰ ክፍል ውስጥ ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ እየተቆራረጠ ይከተላል። ሰላሳ ልጅ ያለበት ክፍል በዚያ ቅጽበት ከመምህሩ እጅ ይወጣል፤ ያስተማረ ያውቀዋል።

ቪዲዮውም ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ከጀመረ ወዲህ ከመምህራኖቻችን የሄዱ አሉ፤ የቀሩትም ሁለት ሁለት ክፍል ይዘዋል። በፌብሩዋሪ 2024 በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ “ከኢንተርኔት እናወርደዋለን” ያልነው ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። የቀረልን በሚሞሪና በፍላሽ የያዝነው ነው። የሄደ የፊዚክስ መምህር ተቀርጾ ያስቀመጠው ትምህርት ለልጆቹ ዛሬም መምህራቸው ነው። እንግዲህ ይህ ትምህርት ባትሪው ሳያልቅ ስንት ጊዜ ሊታይ ይችላል የሚለው ጥያቄ፣ ስንት ክፍል ሊማር ይችላል ከሚለው ጋር አንድ ነው።

በስብሰባው ላይ የሒሳብ መምህራችን ያነሡት ተቃውሞ ከሁሉ የበረታው ስለሆነ በሚገባ ሊመለስ ይገባዋል። ኤች 265 የተሠራው በተመሳሳይ ጥራት የኤች 264ን ግማሽ ያህል ቦታ እንዲወስድ ነው፤ እውነት ነው። 150 ሜጋባይት የነበረው ትምህርት ወደ 75 ይወርዳል፤ በአንዲት ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ከ200 ትምህርት ፈንታ ከ400 በላይ ይገባል። ግን እስካሁን ያሉን ትምህርቶች በጠቅላላ 200 አይሞሉም! የሚተርፍልን የሌለን ነገር ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር፤ የሚተርፍልን ግን የሞላልን ነገር ነው። ሚሞሪ በአንድ ቀን ገበያ ይገዛል። የባትሪ ሰዓት ግን ገበያ ላይ ወጥቶ አይገዛም።

ሌላም አለ። ኤች 265 የብዙ ድርጅቶች የባለቤትነት መብት ያለበት ስለሆነ ፈቃዱ ውዝግብ የበዛበት ነው። ዊንዶውስ ላይ በራሱ ማጫወቻ ለመክፈት ሲሞከር ከማይክሮሶፍት መደብር 0.99 ዶላር የሚያስከፍል ማሟያ ግዙ የሚል መልእክት ይመጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የባንክ ካርድ ለሌለው ሰው ግን ትንሽም ትልቅም አንድ ናቸው። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ የራሱን ፈቺ ይዞ ስለሚመጣ ያለ ክፍያ ይከፍተዋል፤ ሆኖም ሰርኪዩት ከሌለ በሲፒዩው ነው የሚፈታው፤ ወደ ጀመርንበት ሙቀት ይመልሰናል። የኪስ ስልኮች በዚህ ረገድ ከአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮቻችን ይሻላሉ፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ብዙዎቹ ኤች 265 ይፈታሉ። ነገር ግን አንዱ ቤት የሚከፍተው፣ ሌላው ቤት የማይከፍተው ትምህርት ለማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አይሆንም። ሁሉም ቤት የሚከፈተው ኤች 264 ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የተለመደ ችግር ልጠቁም። ከውጭ የሚኖሩ ዘመዶች በአይፎን የቀረጹትን ሲልኩልን ድምፅ ብቻ ሆኖ ምስሉ ጥቁር የሚሆንባቸው ጊዜያት አሉ። ከ2017 ወዲህ አይፎን ማንም ሳይነግረው በኤች 265 ነው የሚቀርጸው። ከካሜራው ማስተካከያ ገብቶ “ይበልጥ ተስማሚ” የሚል ትርጉም ያለውን ምርጫ መንካት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በኤች 264 ይቀርጻል። ይህን በየቤተሰቡ የዋትሳፕ ግሩፕ ብታስተላልፉልን ትልቅ እርዳታ ነው።

ስለ መጭመቁስ? ትልቁ ካርድ ይገዛ ያሉት ዋና ምክንያታቸው “ትምህርቶቹን ቶሎ እንጨምቃለን” የሚል ነው። በእርግጥ ጨማቂዋ ሰርኪዩት በጣም ፈጣን ናት፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሳለች። ጨማቂዋ ግን ለፍጥነት ስትል የምትከፍለው ነገር አለ። መጭመቅ ማለት በአብዛኛው ፍለጋ ነው፤ ይህ ካሬ ከየት መጣ፣ የት ሄደ እያሉ ፊተኞቹን ምስሎች መፈተሽ ነው። በሲፒዩው የሚሠራ ፕሮግራም ጊዜ ከተሰጠው ረጅም ፍለጋ ያደርጋል። ሰርኪዩቷ ግን በተወሰነላት ድንበር ብቻ ትፈልጋለች። ስለዚህ በተመሳሳይ የፋይል መጠን ቀስ ብሎ በሲፒዩ የተጨመቀው ብዙ ጊዜ ጥራቱ ይበልጣል። አዳዲሶቹ ጨማቂዎች ልዩነቱን እያጠበቡት መጥተዋል፤ በትንሽ ፋይል ላይ ግን አሁንም ይታያል። የቀጥታ ስርጭት ለሚያስተላልፍ ሰው ፍጥነቱ ይበልጥበታል። እኛ የቀጥታ ስርጭት የለንም። አንድ ትምህርት አንድ ጊዜ ይጨመቃል፣ በየክፍሉና በየቤቱ በመቶ ጊዜ ይፈታል። እንግዲህ ሰርኪዩት የሚያስፈልገን በመፍታቱ ላይ ነው፤ መጭመቁ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅ ማን ይቸገራል?

ያ ሌሊቱን የሚፈጅ ሥራ ደግሞ እዚህ በባትሪ መሠራት የለበትም። ውጭ ያሉት ልጆቻችን መብራት የማይጠፋበት ቤትና ጥሩ ኮምፒዩተር አላቸው። ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በእርሱ ኤች 264ን መርጠው፣ ሰርኪዩቱን ሳይሆን የሲፒዩውን መንገድ መርጠው፣ ፍጥነቱን “ቀስ” በሚለው ላይ አድርገው ማታ ጀምረውት ቢተኙ ጠዋት ያለቀ ያገኙታል። በመንገደኛ እጅ በፍላሽ መላክ ይቻላል። ገንዘብ ከማዋጣት ያልተናነሰ እርዳታ ነው፤ በዚህ መጽሔት በኩል አደራ እላቸዋለሁ።

አንድ ትልቅ ከሚሆን ብዙ ትናንሽ ይሁኑ ያልሁበት ሌላው ምክንያት የማስተማር ጉዳይ ነው። በ2004 ኢትዮጵያ ውስጥ “ፕላዝማ” የተባለው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር በአማራ ክልል አስተምር ነበር። ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቃል፤ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይወርዳል። ዕቃው ለዘመኑ የሚያስገርም ነበር፤ ገጠር ያለ ልጅ ሞሎኪውል ሲሽከረከር ያየው በዚያ ነው፤ ይህን የሚያናንቁ ሰዎች ትክክል አይመስሉኝም። ግን ስርጭቱ አይቆምም። ልጁ እጁን አውጥቶ “አልገባኝም” ሲል ስክሪኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፏል። መምህሩ ከፊትና ከኋላ በቀሩለት ጥቂት ደቂቃዎች ሙሉውን ለማስረዳት ይጣደፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ለዚያ ክፍል አለፈ።

አንዱ ትልቅ ኮምፒዩተር ከፕሮጀክተር ጋር ተገዝቶ ግድግዳ ላይ ሲያበራ የሚታየኝ ያ ነው። አምስት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ግን አምስት ስድስት ልጅ ተሰብስቦባቸው፣ አንዱ ቡድን አቁሞ ሲጽፍ፣ ሌላው መልሶ ሲያይ፣ ሦስተኛው ያላየውን ክፍል በአማርኛ ለታናሽ ወንድሙ ሲያስረዳ ይታየኛል። የልጆቻችን ቋንቋ ዐረብኛም ትግርኛም ትግረም አማርኛም እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አቁሞ በራሱ ቋንቋ መነጋገር ለእነርሱ ግማሹ ትምህርት ነው። ከኃይልም አንጻር ካየነው፣ መካከለኛ ከሚባሉት የጌም ካርዶች አንዱ የሆነው የኤንቪዲያ 4060 ካርዱ ብቻውን እስከ 115 ዋት ይወስዳል። ከቢሮ የሚወጡት ትናንሾቹ ኮምፒዩተሮች አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ አስማሚያቸው 65 ዋት ነው፤ በሰርኪዩት ቪዲዮ ሲፈቱ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚወስዱት።

የወጣቶቹ አሳብ ከንቱ ነው አላልሁም። ከ2022 ወዲህ ከወጡት ካርዶች ብዙዎቹ ኤቪ 1ን በሰርኪዩት ይጨምቃሉ፤ ኤቪ 1 ያለ ፈቃድ ክፍያ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ፣ ከኤች 264 በጣም ያነሰ ቦታ የሚወስድ አጨማመቅ ነው። የወላጆች ስልክና የክፍሉ ኮምፒዩተር ሁሉ እርሱን በሰርኪዩት የሚፈታበት ቀን ሲመጣ እኔም አብሬ እጄን አወጣለሁ። ዛሬ ግን በዚህ ሰፈር ያንን የሚፈታ ዕቃ ከጣት አይበልጥም።

ለገዢዎቻችን የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን፤ ሰባተኛ ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ዩቲዩብ የወረደውንም ይፈታልናልና። ከኢንቴል አዳዲስ ትውልዶች የሲፒዩው ስም መጨረሻ ላይ “ኤፍ” የሚል ፊደል ካለበት አትግዙ፤ ግራፊክሱ የሌለበት ነው፣ ፈቺዋም አብራ የለችም። ዕቃውን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ፈትኑት። ዊንዶውስ 10 ካለበት አንድ ኤች 264 ፋይል አጫውቱና ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ከሚለው ስር ጂፒዩን ስትነኩ “ቪዲዮ ዲኮድ” የሚል መስመር ይታያል። ቪዲዮው ሲሄድ መስመሩ ከፍ ካለ፣ ሲፒዩውም ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ሰርኪዩቷ እየሠራች ነው። መስመሩ ከዜሮ ካልተነሣ ወይ ሰርኪዩቷ የለችም ወይ ድራይቨሩ አልተጫነም፤ ሻጩ ድራይቨሩን ጭኖ ያሳያችሁ።

ለሚቀርጹት መምህራን ደግሞ ጥቂት ነገር። ስልኩን በእጅ አትያዙ፤ በርጩማ ላይ በመጻሕፍት ደግፋችሁ አቁሙት። እጅ ሲንቀጠቀጥ የምስሉ ካሬዎች ሁሉ በየቅጽበቱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጨማቂውም ያንን ሁሉ ለመመዝገብ ይገደዳል፤ ፋይሉ ያብጣል ወይም ምስሉ ይደበዝዛል። በዛፍ ጥላ ስር መቅረጽም ደስ ይላል፣ ነገር ግን ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ሁሉ ከመምህሩ ሰሌዳ ላይ ቦታ ይቀማል። ከግድግዳ ፊት ይሻላል። ምስሉን ከ480 በታች እንዳታወርዱ አጥብቄ አሳስባለሁ። የእንግሊዝኛ ፊደል ቢደበዝዝም ይገመታል፤ የእኛ ፊደል ግን በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለየው፣ “ቡ” እና “ቢ”፣ “ለ” እና “ሉ” ሲጨመቁ ቅጥያዋ ቀድማ ትጠፋለች። የዐረብኛ ነጥቦችም እንደዚሁ ናቸው። የታችኛው ክፍል ልጅ ፊደሉን የሚማረው ከዚያ ምስል ላይ ከሆነ የተደበዘዘውን ነው የሚማረው። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፉ፣ ጠመኔውንም በደንብ አጥብቁት።

አሁን ያሉን ኮምፒዩተሮች ትውልዳቸውና የሚፈቱት አጨማመቅ ተመዝግቦ በቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። በቤታችሁ ያለው ስልክ የትኛውን እንደሚፈታ ማወቅ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ሁለት አጫጭር የሙከራ ፋይሎች፣ አንዱ በኤች 264 ሌላው በኤች 265፣ በቢሮው ፍላሽ ላይ አሉ። ከሰዓት በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅባችሁም፤ የስልኩን ስምና ውጤቱን በዚያው ወረቀት ግርጌ እንጽፈዋለን፣ ስብሰባው ላይም ይዘነው እንቀርባለን።